ባለ ሁለት መስኮቱ ካርቶን

አንተ አንባቢ፣ ስምህ ያንተ ብቻ ይመስልሃል? የአባትህን ስም ጨምርበትና እንደገና መልስልኝ። አሁንስ? እርግጠኛ ከሆንክ ድሬዳዋ ና፣ ቀፊራ ገበያ መሐል ቁምና «አብዲራህማን አብዱላሂ!» ብለህ ተጣራ። ሽንኩርት የሚመዝነው ይዞራል፣ ጋሪውን የሚያቆመው ይዞራል፣ ከበርበሬ ጆንያ ላይ የተጋደመው ይነሣል። ያልዞረ አብዲራህማን አብዱላሂ ካለ ጆሮው የማይሰማ ነው።

እኔ እዚያው ከተማ ተወልጄ ስላደግሁ ይህን አውቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተመርቄ ስመለስ ግን ረሳሁት። ሰው ተምሮ ምን ያህል ሊረሳ እንደሚችል ከእኔ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

አብዲቃድር ሽሬ እባላለሁ። በ1975 ዓ.ም. የሒሳብ መምህር፣ የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ። የግድግዳ ጋዜጣው ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ የተሰቀለ ባለ መስተዋት ሰሌዳ ነው። ቁልፉ ከእኔ ኪስ አይወጣም። በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ እለጥፍበታለሁ፣ በየሳምንቱም አንድ ሰው አወግዝበታለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን አሳነሰ፤ በስሙ ጠርቼ አወገዝኩት። የቦኖ ውሃው ተረኛ አርፍዶ ከፈተ፤ እሱንም አወገዝኩት። የሁሉም ጽሑፎቼ መጨረሻ አንድ ነበር። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «የሚመለከተው ሰው በአደባባይ ይመልስ!» እላለሁ።

ማንም መልሶ አያውቅም። እኔም ይህን የክርክሬ ጥንካሬ ምስክር አድርጌ ቆጠርኩት። ሰሌዳው እንደሚቆለፍ፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ ብቻ እንዳለ አንድም ቀን አላሰብኩበትም።

ከጽሑፎቼ ሁሉ በጣም የኮራሁበት «ቅጽል ስም ይብቃ!» የሚለው ነበር። በእኛ ከተማ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው። ረጅሙ «ረጅሙ» ይባላል፣ የሚያነክሰው «አንካሳው» ይባላል፣ ተጠሪውም ሳይቀየም አቤት ይላል። እኔ ግን በእሱ ፈንታ ተቀየምኩለት። ሰውን በቁመቱና በእግሩ መጥራት ያለፈው ሥርዓት ቅሪት ነው፣ አዲሱ ሰው ስምና የአባት ስም ይበቃዋል ብዬ ሦስት ገጽ ሙሉ ጮኽኩ። ምላሹን በማግስቱ አገኘሁ። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ስሄድ አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ገታ አድርጎ፣

«መምህር ላምባ! ላድርስህ?» አለኝ።

ላምባ ያሉኝ ክብሪቱ ገና ሳይጫር ስለምቀጣጠል ነው። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ስም ተናደድኩ። ስሙ እንዴት እንደጸና አንተው ገምት።

በዚያ ሰሞን የመሠረተ ትምህርት ፈተና ውጤት መጣ። በአንድ በኩል ከፈተና ጣቢያዎቹ የተላከ የውጤት ዝርዝር አለ፤ በሌላ በኩል የቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብ አለ። የእኔ ሥራ በመዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ነዋሪ ትይዩ፣ ከውጤት ዝርዝሩ ነጥቡን ፈልጎ መጻፍ ነው። ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኘ የምስክር ወረቀት ይወስዳል፤ ያላገኘ ይደግማል። ሊቀመንበራችን ደግሞ ትጋቱን ለማሳየት፣ የምስክር ወረቀት የሌለው ነዋሪ የይለፍ ወረቀት እንዳይሰጠው ወስኖ ነበር። ያለ ይለፍ ባቡር ላይ መውጣት የለም። ውሳኔውን በጋዜጣዬ አሞግሼዋለሁ።

የውጤት ዝርዝሩ ብዙ ዓምድ ነበረው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ጣቢያ፣ ፈረቃ፣ ነጥብ። በስተመጨረሻ ደግሞ አስተማሪዎቹ በራሳቸው ሐሳብ፣ በእጃቸው ያሰመሩት አንድ ጠባብ ዓምድ ነበር፤ «ቅጽል ስም» ይላል። ደሜ ፈላ። ማስመሪያና ቀይ ብዕር አነሣሁና ያንን ዓምድ ከላይ እስከ ታች፣ የስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ቅጽል ስም፣ ገጽ በገጽ ሰረዝኩት። አንዳንድ ቦታ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ።

ከዚያ ዘዴ ፈጠርኩ። ከሳሙና ካርቶን ላይ አንድ ቁራጭ ቆርጬ፣ በምላጭ ሁለት መስኮት አወጣሁለት። በአንዱ ስም፣ በሌላው የአባት ስም ብቻ ይታያል፤ በዳር ላይ ለነጥቡ አንዲት ቀዳዳ አለችው። ሌላው ዓምድ ሁሉ ይሸፈናል። ዓይን አይባክንም! ካርቶኑን ከላይ ወደ ታች እየገፋሁ፣ የምፈልገው ስም ከአባቱ ስም ጋር መጀመሪያ ብቅ ባለበት አቆማለሁ፣ ነጥቡን እጽፋለሁ፣ በዝርዝሩ ላይ ያንን መስመር «ራይት» አድርጌ እዘጋለሁ። ያው ስም ድጋሚ ከመጣ፣ ያልተዘጋውን ቀጣይ መስመር እወስዳለሁ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በሁለት ቀን ጨረስኩ። ውጤቱን በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አነበብኩ። ላለፉት ተጨበጨበ። የወደቁትም ስማቸው ይነበብ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያነቃቸዋል ብዬ።

ሰኞ ጠዋት ስለ ካርቶኔ የጻፍኩትን ጽሑፍ ለጥፌ ገና ወንበሬ ላይ ስቀመጥ፣ አንዲት ሴት የቢሮውን በር ሞልታ ቆመች። ቀፊራ ቅመም የምትሸጥ ናት፤ ከልብሷ የእርድና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ቀድሟት ገባ።

«ወድቀሻል ብለህ ያነበብከኝ አንተ ነህ?» አለችኝ። ድሬዳዋ ለሊቀመንበርም ለመምህርም «አንተ» ነው።

«ስምሽ?»

«ዳሃቦ አብዱላሂ።»

«ሠላሳ አንድ። ትደግሚያለሽ።»

«አቦ፣ መዝገቡን ሳታይ?»

«የወደቀ ሰው ነጥብ አይጠፋኝም።»

ወንበር ሳልሰጣት ተቀመጠች። «ስማኝ። ልጄ ናፊሳ አይሻ ባቡር ጣቢያ ናት ያለችው። በዚህ ሳምንት ትወልዳለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ቀን ሙሉ ሐዲድ ላይ ነው የሚውለው። እናት እንደሌላት ብቻዋን ትውለድ? ሐሙስ ባቡር አለ። ይለፍ ጻፍልኝ።»

«የምስክር ወረቀት ካለሽ አሁኑኑ።»

«ማንበብ እችላለሁ እያልኩህ!»

«መዝገቡ አትችልም ይላል።»

ተነሥታ ወጣች። ተሸነፈች ብዬ ብዕሬን ሳነሣ ድምጿ ከውጭ፣ ከሰሌዳው ፊት መጣ። ጣቷን መስተዋቱ ላይ እየጎተተች ታነብ ነበር። «ስሕ…ተት… የማያ…ውቅ… ሳይን…ሳዊ… አሠራር።» በመስኮት አንገቷን አስገባች። «ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አነበብኩት ወይስ አላነበብኩትም?»

«በቃልሽ አጥንተሽው ይሆናል።»

«ዛሬ የለጠፍከውን?»

ከበሩ ሥር ሳቅ ሰማሁ። ዲሪር ነው፣ የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ፤ ከተማው ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። «መምህር፣ የትኛዋ ዳሃቦ ናት የወደቀችው?» አለኝ። «ዳሃቦ ሚዛን ወይስ ዳሃቦ ዴር? ይቺ ሚዛን ናት፤ አጉድላ ሰፍራ አታውቅም። ዴር ማለት ደግሞ ረጅሟ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው…»

«በዚህ ቢሮ ቅጽል ስም የለም!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

«ሃዬ፣ እሺ ላምባ» አለ፤ ከዚያ አፉን ያዘ። «መምህር ማለቴ ነው።»

አሁን መዝገብ ይዤ ላሳፍራት ቆረጥኩ። የውጤት ዝርዝሩን ዘረጋሁ፣ ካርቶኔን አስቀመጥኩ፣ እያየችኝ ቀስ አድርጌ ገፋሁ። በሁለቱ መስኮቶች «ዳሃቦ» እና «አብዱላሂ» ብቅ አሉ፤ በቀዳዳዋ ሠላሳ አንድ።

«ይኸው!»

«ከሥሯ ያለችውስ?» አለች።

«የትኛዋ?»

«ካርቶንህ የደፈናት።» እጄን ገፋ አድርጋ ካርቶኑን ዝቅ አደረገችው። በሁለቱ መስኮቶች እንደገና «ዳሃቦ»፣ «አብዱላሂ»፤ በቀዳዳዋ ሰማንያ ስድስት። «ታዲያ እኔ የትኛዋ ነኝ?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አያውቁም። ምላጬን አወጣሁና ሦስተኛ መስኮት ቀደድኩ፤ የአያት ስም። ገዲ። ከሥሩም ገዲ። አራተኛ ቀደድኩ፤ ዕድሜ። አርባ። ከሥሩም አርባ። የተወለደበትን ዓመት የማያውቀውን ሁሉ መዝጋቢው አርባ እያለ ጽፎት ኖሮ፣ በዝርዝሩ ላይ የቀበሌያችን ግማሽ አርባ ዓመቱ ነበር። አምስተኛ ቀደድኩ፤ ጣቢያ። ሁለት፣ ሁለት። ካርቶኔ ወንፊት መሰለ። ስድስተኛው ላይ ፈረቃ ወጣ። ሠላሳ አንድ ያገኘችው የጠዋት፣ ሰማንያ ስድስት ያገኘችው የከሰዓት።

«እኔ የከሰዓት ነኝ!» አለች። «ጠዋት ገበያ ነኝ፣ ቀፊራ ሁሉ ያውቃል።»

«የነዋሪዎች መዝገብ ላይ ፈረቃ የሚል ዓምድ የለም» አልኩ፤ ሕግ ጠቅሼ እንደ ረታሁ ሁሉ። «ሁለቱም ወረቀት ላይ ከሌለ ማመሳከር አይቻልም። አንቺ የከሰዓት ነኝ ስላልሽ ብቻ…»

«መዝገቡ ላይ የኔ ምን አለ?»

አየሁ። አሮጌው የነዋሪዎች መዝገብ ላይ፣ እኔ ከመሾሜ በፊት የነበረው ጸሐፊ ከስሟ ጎን በቅንፍ አንዲት ቃል ጽፏል፤ «ሚዛን»። የዚያን መዝገብ ቅጽል ስሞች ገና አልሰረዝኳቸውም ነበር። ለቀጣዩ ወር ይዣቸው ነበር።

ሴትዮዋ የውጤት ዝርዝሩን ከጠረጴዛዬ አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ቀዩ ስረዛዬ በፀሐይ ሲታይ ሳስቷል። የሠላሳ አንዷ መስመር ላይ ወረቀቱን ስለቀደድኩት ቀዳዳ ብቻ ነው። የሰማንያ ስድስቷ ላይ ግን ከቀዩ ሥር ሰማያዊ ፊደል ይታያል። ጣቷን አስቀምጣ አነበበች። «ሚ…ዛን።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይቺንም በቃሌ አጥንቻት ነው?»

እዚህ ላይ ደህና ሰው ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊቴ ተደረደረብኝ። አንዷ ከተበላሸች ስንቶቹ ተበላሽተዋል? «ስሕተት የማያውቅ» ብዬ የለጠፍኩትስ? ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ጉዳዩ ቅዳሜ ለኮሚቴ ይቀርባል።»

«ባቡሩ ሐሙስ ነው።»

«ኮሚቴው ቅዳሜ ነው።»

ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ መልሳ ወጣች። ዲሪር ከበሩ ላይ፣ «ልጅቱ ቅዳሜን ትጠብቅ ብለህ ወደ አይሻ ስልክ ደውል እንግዲህ» አለ። የዚያን ቀን ሊስቅበት አልፈለገም።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የደቻቱን አሸዋ ተሻግሬ ወደ ሌላዋ ዳሃቦ ቤት ሄድኩ። ትክክለኛዋ ባለ ሰማንያ ስድስት እሷ እንድትሆን እየተመኘሁ ነበር። ረጅሟ ዳሃቦ ከጓዳ ስትወጣ ከበሩ መቃን ሥር ጎንበስ አለች፤ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ስለነበር እጇ ዱቄት ነው። የምስክር ወረቀቱ በመስተዋት ተገጥሞ ከግድግዳው መሐል ተሰቅሏል።

«ዋርያ መምህር! ግባ፣ ሳምቡሳ ብላ።»

«ፈተናው እንዴት ነበር?» አልኳት እየተለሳለስኩ።

«እኔ እንጃ፤ ተኝቼ ነበር።»

«ተኝተሽ?»

«ጾም ነበር፣ ሙቀት ነበር። ስሜን ጻፍኩ፣ ትንሽ ሞከርኩ፣ ከዚያ ግንባሬን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ሲቀሰቅሱኝ ሰዓቱ አልቋል።»

«ታዲያ ሰማንያ ስድስት ስትባዪ ምነው ዝም አልሽ?»

«ስብሰባው ላይ ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ። አንዴ ወደቅሽ አልከኝ፣ አንዴ አለፍሽ አልከኝ። የሚሻለውን ወሰድኩ።» ዱቄቷን አራገፈች። «ደግሞ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። ቆሜ ልከራከር?»

የሆነው ወለል ብሎ ታየኝ። በነዋሪዎች መዝገብ ላይ ቀድማ የምትመጣው ሚዛን ናት፤ ስለዚህ ካርቶኔ መጀመሪያ ያገኘውን ሠላሳ አንድ ለእሷ ሰጠ። ረጅሟ ስትደርስ ያ መስመር ተዘግቷል፣ የቀረውን ሰማንያ ስድስት ወሰደች። ሒሳብ የማስተምር ሰው ሁለት ሴቶችን በሁለት መስኮት አቀያየርኩ።

«ይሄን ወረቀት በጸጥታ ብትመልሽልኝ…» ብዬ ስጀምር እጇን አነሣች።

«በአደባባይ አጨብጭባችሁ የሰጣችሁኝን በጓሮ አልመልስም። ስብሰባ ጥራና ተሳሳትኩ በል። ያን ጊዜ እኔው ከግድግዳው አውርጄ ለዳሃቦ በእጄ እሰጣታለሁ። እሷ እኮ ናት ዓርብ ዓርብ ፊደል የምታስጠናኝ።»

«ስብሰባ አያስፈልገውም፤ ትንሽ ጉዳይ ነው።»

«እሷን ስታዋርዳት ትንሽ አልነበረም» አለችኝ። ሳምቡሳውን ግን በወረቀት ጠቅልላ አስያዘችኝ። እየተናደድኩ መንገድ ላይ በላሁት።

ረቡዕ ጠዋት መፍትሔ ያልኩትን አገኘሁ። አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ፤ «ወይዘሮ ዳሃቦ አብዱላሂ ገዲ የምስክር ወረቀታቸው በመዘጋጀት ላይ ስለሆነ የይለፍ ወረቀት እንዲሰጣቸው» የሚል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስሕተት የለም፣ የተሳሳተ ሰውም የለም። ወረቀቱ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ የሚዘጋጅ ይመስላል። ሊቀመንበሩ ሳያነብ ማኅተም መታበት፣ ይለፉም ተጻፈ። ሴትዮዋን አስጠራኋት።

ሁለቱንም ወረቀት ተቀብላ አነበበች። ስታነብ መጠበቅ እንዴት እንደሚረዝም ያን ቀን አወቅሁ።

«በመዘጋጀት ላይ» አለች። «ማነው ያላዘጋጀው?»

«እሱን መጻፍ አያስፈልግም።»

«ዳቦ ጋጋሪው ሲሆን ስሙን ከነአባቱ ትጽፋለህ።»

«ይለፍሽን አግኝተሻል አይደለም? ምን ቀረሽ?»

ይለፉን አጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። «ገበያ ስገባ "ደጋሚዋ መጣች" ይሉኛል። ሃያ ዓመት ሚዛን ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች። እሱ ነው የቀረኝ።» ከበሩ ላይ ዞረች። «ልጄ ስለምትበልጥብኝ እሄዳለሁ። የሰሌዳህን ቁልፍ ግን ለአንድ ቀን አውሰኝ።»

«ሰሌዳው የቀበሌው ነው፤ ለግለሰብ አይከፈትም።»

«ሃዬ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስደርስ ባቡሩ ከሩቅ ሲጮህ ይሰማ ነበር። ከሰሌዳው ፊት ሰው ተሰብስቧል፤ ለእኔ ጽሑፍ እንዲያ ተሰብስቦ አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪው አለ። የቦኖው ተረኛ አለ። ረጅሟ ዳሃቦ ከሁሉም በላይ አንገቷን አውጥታ፣ በመስተዋት የተገጠመውን የምስክር ወረቀት በብብቷ ይዛ ቆማለች። ሊቀመንበሩ ሳይቀር በእጁ መነጽሩን ይዞ ይጠጋል።

ቁልፌ በኪሴ ነው፤ ሰሌዳውም አልተከፈተም። የተለጠፈው ከውጭ ነው፣ በመስተዋቱ ላይ፣ በዱቄት ሙጫ፤ ስለ ካርቶኔ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። ይህን ሁሉ ዓመት ስቆልፍ ሰው ከውጭ ሊለጥፍ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። ልገነጥለው እጄን ዘረጋሁ።

«እንዳትነካው» አለ ዲሪር። «አይተኸዋል? ከካርቶንህ መስኮቶች አንድ እንኳ አልጎደለበትም።»

ጽሑፉ በትልልቅ፣ ቀስ ብለው በተጻፉ ፊደሎች ነበር። የመጨረሻው መስመር ላይ ቀይ ቀለም ስላጣች በተበጠበጠ በርበሬ ጽፋዋለች፤ ከቀይ ቀለሜ ይልቅ ደምቋል። እንዲህ ይላል፦

«ለአብዲቃድር ሽሬ፣ የሒሳብ መምህር፣ የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ቅጽል ስም ላምባ። ሌላ አብዲቃድር ሽሬ ካለ እሱን አይመለከተውም።

እኔ ስም ዳሃቦ፣ የአባት ስም አብዱላሂ፣ የአያት ስም ገዲ፣ ዕድሜ አርባ ያላችሁኝ ሃምሳ ሁለት፣ ጣቢያ ሁለት፣ ፈረቃ ከሰዓት፣ ቅጽል ስም ሚዛን፣ ነጥብ ሰማንያ ስድስት።

ወድቀሻል ያልከኝ በሰው ፊት ነው። ወረቀት የሰጠኸኝ ተደብቀህ ነው። ልጄ ጋ ሄጃለሁ፤ ሕፃኑ ስም ሲወጣለት እመለሳለሁ። እስከዚያ ስብሰባ ጥራ። የወደቀው ማን ነው? በአደባባይ መልስ!»